ስምንት ወር ሲቀራት

«አባዬ ና! ዶክተር ናት የደወለችው!»

የሐኪሟ ልጅ በስልክ ይህን ስትል የስልኩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነበር። ሐኪሟ በአንድ እጇ የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው የጫማዋን ማሰሪያ ይዛ ስለነበር ስልኩን የስፌት ጠረጴዛው ላይ አጋድማዋለች፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማ። የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠችው የሐኪሟ ታላቅ እህት እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መጋረጃ ልታዝዝ በማለዳ የመጣችው ደንበኛ የያዘችውን የጨርቅ ናሙና በሁለት ጣቷ እንዳሸች ቀረች። ከጥቂት ደቂቃ በፊት «ሜትሩ በአንድ ወር እንዲህ ይጨምራል እንዴ? ጨርቅ ነው ወይስ መሬት?» እያለች ቤቱን በጩኸት የሞላችው ሴትዮ፣ አሁን ድምፅዋን አጥፍታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ታነብባለች። ሐኪሟ ያልሰማች መስላ እንደ ልማዷ ልጅቷን ጠያየቀቻት፤ ሌሊት እንዴት እንደተኛች፣ ቁርስ ምን እንደበላች፣ የሚያስፈራት ነገር እንዳለ። ልጅቷ ሁሉንም አከታትላ መለሰችና «በቃ?» ብላ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

«ሰማሃት?» አለችው ባሏን።

«ምኑን?»

«ተወው። ወረቀቱን ዛሬ እጨርሳለሁ።»

«አንቺ እንዳልሽ» አለ። ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ነይ አይላት፣ ቅሪ አይላት፤ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደተወ ባለሱቅ፣ ገብተውም ወጥተውም ፊቱን አያነብቡትም።

ደንበኛዋ የመጋረጃውን ልክ አስመዝግባ ስትወጣ ቤቱ ጸጥ አለ። ቤት ሲባል አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የስፌት መኪናውና የጨርቁ ጥቅል ይዞታል፣ ግማሹን ደግሞ ሁለቱ አልጋዎች። በመሐል ደንበኛ አዝዞ ያልወሰደው፣ ትልልቅ አበባ ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ሐኪሟ ከሦስት ዓመት በላይ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው ያደረችው። ልጇን አሥር ወሯ ላይ ለባሏና ለአማቷ ትታ ስትመጣ «ለጥቂት ጊዜ» ነበር የተባለው፤ እዚህ እንዳታመጣት ቦታ የለም፣ ተረኛ በምትሆንበት ሌሊት የሚይዝላት ሰው የለም። ልጅቷ አሁን አራት ዓመቷ ነው። እናቷን የምታውቃት በዓመት እረፍትና በስልክ ነው።

«አማቴ ናት» አለች ሐኪሟ ጫማዋን እያሰረች። «‹ዶክተርዬ፣ ዶክተርዬ› እያለች ስሜን አስረሳችብኝ። እናት የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጠፋ።»

እህቷ ክር በጥርሷ በጠሰች። «እሷን ተያት። አንቺ ግን ስምንት ወር ሲቀርሽ ምን ነካሽ? እርግዝና እንኳ ዘጠኝ ነው። ዘጠኙን የቻልሽ ሴትዮ ስምንቱ እንዴት አቃተሽ?»

«እታለም፣ ስምንት ወር ነው፣ ስድስት ወር ነው እያልኩ ነው ሦስት ዓመት የሞላኝ።»

«እዚያ ስትሄጂ ደግሞ ሁለት ዓመት! የሰው ጭንቅላት እያከምሽ የራስሽን ማን ይይልሽ?»

ነገሩ እህቷ እንዳለችው ነበር። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን አራት ዓመት ይማራሉ፤ እሷ ሦስቱን ከአራት ወር ጨርሳለች። ባሏ ያለበት ከተማ ሆስፒታል አንድ ተማሪ አቋርጦ ቦታ ተከፈተ። አመለከተች፤ ተቀበሏት። ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያው መሥራት ግዴታ ነው። ከዚህ ከወጣች አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ውኃ በላው። መልቀቂያዋ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሳቸው ደግሞ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

በሩ ጋ ስትደርስ እህቷ ቀና ሳትል «ቁርጥራጭ ጨርቅ ተርፎኛል፣ ቢራቢሮ ያለበት» አለች። «የልጅቷ መኝታ መስኮት ስንት በስንት ነው?»

ሐኪሟ እጀታውን ይዛ ቆመች። በዐይነ ሕሊናዋ ያንን ክፍል ፈለገችው፤ አልጋውን አገኘች፣ ቁም ሳጥኑን አገኘች፤ መስኮቱ ግን በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ጠፋት። «እጠይቃለሁ» ብላ ወጣች። ከኋላዋ የስፌት መኪናው ተንደቀደቀ።

አውቶቡሱ እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። ቆማ፣ ብረቱን በአንድ እጅ ይዛ፣ በሌላው የመልቀቂያውን የክሊራንስ ቅጽ ከቦርሳዋ እያወጣች መልሳ ትከታለች። ሰባት ፊርማ ይፈልጋል። ሦስቱን ትናንት አግኝታለች፤ አራት ይቀራል። መስኮቱ ላይ ከተማው ወደ ኋላ ይሸሻል፦ ገና ያልተለሰነ ፎቅ፣ ጎማ ጥገና፣ ደጃፋቸውን ውኃ የሚረጩ ባለሱቆች። አንዱ ተሳፋሪ እግሯን ረግጦ «ይቅርታ እናቴ» አላት። እናቴ! መንገደኛው ሁሉ በነፃ የሚያድላት ቃል፣ የገዛ ልጇ አፍ ላይ ጠፋ። ሳታስበው ከንፈሯን ነከሰች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ጠዋቱ በሩጫ አለቀ። ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው ሰውዬ በቀላሉ ፈረመላት። የካርድ ክፍሉ ቁርስ ላይ ስለነበር ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ቁርስ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ተፈረመ። ንብረት ክፍል ያለችው ወፍራም ሴትዮ ግን መዝገቧን በጣቷ እየተከተለች «መዶሻ» አለች።

«ምን መዶሻ?»

«የጉልበት መምቻ መዶሻ፣ ባለ ጎማ። ከሦስት ዓመት በፊት ወስደሻል፣ ይኸው ፊርማሽ።»

«እመቤት፣ እኔ እኮ የአእምሮ ሐኪም ነኝ።»

«እሱማ ነው የገረመኝ። የሰው ሐሳብ ላይ ሚስማር ትመቱ ነበር እንዴ?» አለችና በራሷ ቀልድ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሐኪሟ ወደ ሐኪሞች ማረፊያ ሮጠች፣ ሣጥኗን ገለበጠች፤ መዶሻው ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከሥሩ ልጇ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የተነሳችው ፎቶ ነበር። አሁን ልጅቷ ይቺን አትመስልም። ፎቶውን ኪሷ ከተተችና መዶሻውን አስረክባ ተፈረመላት። ስድስት።

ምሳ ሰዓት ላይ አልበላችም። ከዋርዱ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ የጠዋቱን ነገር አብላላች። ስልኳን አውጥታ ለባሏ ጻፈች፦ «ልጄ ዶክተር ብላ የጠራችኝ በእናትህ ምክንያት ነው። እናትነቴን እየሸረሸረችብኝ ነው። ንገራት።» ከላከችው በኋላ ደግማ አነበበችው፤ ከፋ። «ንገራት» የምትለዋን ብቻ እንኳ ብትሰርዝ ብላ አሰበች፤ ግን ሁለቱ የመነበብ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል። መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። «እሺ።» ከዚያ ሌላ የለም።

የሰባተኛው ፊርማ ባለቤት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ተማሪዎቹ በድብቅ «አባ ዝም» ይሏቸዋል። ሰውዬው አይቆጡም፣ አይመክሩም፤ ዝም ብለው ያዩሃል፣ አንተ ራስህ ልትናገረው ያላሰብኸውን ሁሉ ዘርግፈህ ትወጣለህ። ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ መጽሐፍ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እስክሪብቶና ከመነጽራቸው በቀር ምንም የለም። ሐኪሟ ቅጹን አስቀመጠች። እሳቸው አላነሱትም። አዩዋት።

«ያው… ስምንት ወር እንደቀረኝ አውቃለሁ» አለች። ዝም። «ሁለት ዓመት እንደሚሆንብኝም አውቃለሁ።» ዝም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፤ ስምንት ተኩል። «ልጄ ዛሬ ጠዋት ዶክተር ብላ ጠራችኝ» አለች በመጨረሻ፤ ልትናገረው አላሰበችም ነበር።

«ማን አስተማራት?» አሉ።

«አማቴ ትሆናለች።»

«ትሆናለች» አሉ እሳቸውም፣ ቃሉን እንደ ሳንቲም ገልብጠው እንደሚያዩ ሁሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። «ታካሚዎችሽን አስረክበሻል?»

«አምስቱን አስረክቤያለሁ። ለስድስተኛው ማስታወሻ ጽፌ ካርዱ ውስጥ አድርጌያለሁ።»

«ሰው በወረቀት አይተላለፍም።» ቅጹን በአንድ ጣታቸው ወደ እሷ ገፉት። «ሦስት ወንበር። ከዚያ ነይ።»

የሦስት ወንበር ነገር የክፍሉ ወግ ነው። አንድ ሐኪም ታካሚውን ትቶ ሲሄድ የሚያስረክበው፣ የሚረከበውና ራሱ ታካሚው አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚባለው ሁሉ በታካሚው ጆሮ ይባላል። ሐኪሟ ይህን አጥታው አልነበረም። ስድስተኛው ሹፌሩ ስለሆነ ነው እግሯ የጎተተባት።

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ከእለታት አንድ ቀን መንገድ መሐል አውቶቡሱን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ተሳፋሪው እየጮኸ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ልጆቹ ወደዚህ ሲያመጡት ድፍን ሁለት ወር አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱን አዘዘችለት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች ለግድግዳ እንደሚያወራ ሰው ብቻዋን ስትጠይቀው ከረመች። በሰባተኛው ሳምንት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሾርባው ጨው የለውም» አለ። ነርሶቹ አጨበጨቡ። ከዚያች ቀን ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ ተነሳ፤ አሁን ግቢ ውስጥ ይዞራል፣ ከዘበኛው ጋር ስለ ጎማ ይከራከራል። ግን የሚመልሰው ለእሷ ብቻ ነው። ሌላ ሐኪም ሲጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ትንሿ ክፍል ውስጥ ሦስት ወንበር አስቀመጠች። የሚረከበው ባለፈው ወር የገባ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት፣ እንደ እሷ የስፔሻሊቲ ተማሪ ነው፤ ገና ነጭ ጋዋኑ ከማጠፊያው መስመር አልተላቀቀም፣ ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ተሸክሟል። ሹፌሩ ገብቶ ወንበሮቹን አየ፤ ሁለቱን ሰዎች አየ፤ ተቀመጠ።

«እኔ ወደ ሌላ ሆስፒታል ልዛወር ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ ሩቅ ሆነባት። «ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ቀደም ብዬ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ አልነገርኩዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሹፌሩ የወጣቱን ጫማ ይመለከታል። ልቧ ወደዚያ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ተመልሶ ሊዞር ነው ብላ ፈራች።

«ለምንድን ነው?» አለ።

«ልጄ እዚያ ናት።»

«ልጅ አለሽ እንዴ?» ቀና ብሎ አያት። «አምስት ወር ስትጠይቂኝ አንድ ቀን ስለ ራስሽ አላወራሽም።»

«እኛ ስለ ራሳችን አናወራም፤ ሥራው እንደሱ ነው።»

«ይሁን» አለና ወንበሩን ወደ ወጣቱ አዞረ። «አንተ ዶክተር፣ አዳምጠኝ። እኔን የምትጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን ካሳትህ አልመልስልህም። መጀመሪያ እንቅልፍ። ቀጥሎ ምግብ። ከዚያ የሚያስፈራህ ነገር አለ ወይ። ድምፅህን ደግሞ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ልክ ወተት የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው።» ከዚያ ያ ወፍራም ጎርናና ድምፁ ቀጠነ፣ ለሰለሰ፣ ረጋ አለ፦ «ሌሊት ደህና ተኙ? ቁርስ ምን በሉ? የሚያስፈራዎት ነገር አለ?» በእያንዳንዱ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

ወጣቱ ሬዚደንት ሳቁ አመለጠው። ቁጭ እሷኑ ነበር። ሐኪሟም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁን ግን ተወችው። ያን ድምፅ ዛሬ ጠዋት ሰምታዋለች። የስፌት ጠረጴዛው ላይ። በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ልስላሴ። ትናንትም፤ ከትናንት ወዲያም፤ ልጅቷ አፍ ከፈታች ወዲህ በየማለዳው። ሌሊት ደህና ተኛሽ? ቁርስ ምን በላሽ? የሚያስፈራሽ ነገር አለ? ልጅቷም አከታትላ ትመልስና «በቃ?» ትላታለች፤ ልክ ተራው ደርሶ መርፌውን ተወግቶ እንደሚወጣ ሰው። አማቷ ዶክተርዬ ባትላት እንኳ ልጅቷ ሌላ ምን ብላ ትጥራት?

«ምነው፣ አጠፋሁ?» አለ ሹፌሩ።

«ኧረ አላጠፉም» አለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ያለውን ፎቶ ጨምድዶት ነበር።

ሹፌሩ ትንሽ አየት አደረጋትና ወደ ወጣቱ ተመለሰ። «እስቲ ሞክር።» ወጣቱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሌሊት ደህና ተኙ?» አለ። «ቸኮልክ» አለው ሹፌሩ። «ፍሬንህን ቀድመህ ያዝ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ና፣ እንደገና እንሞክራለን።» ተነስቶ ሊወጣ ሲል የሐኪሟን ትከሻ በመዳፉ ነካ አድርጎ አለፈ።

አባ ዝም ቢሮ ስትመለስ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ቅጹን አስቀመጠች፤ ሳትባል ተቀመጠች።

«ማን አስተማራት?» አሉ።

«እኔ።»

እንደ ወትሮው በዝምታቸው ሊያስወሯት ይመስል ነበር፤ እሷ ግን ዛሬ ሳትጎተት ተናገረች። «ጠዋት የምሄደው ልጄን ከአማቴ ቀምቼ ላስመልስ ነበር። አሁን እዚያ ሄጄም ይኸው ድምፅ አብሮኝ እንደሚሄድ ገባኝ። ስምንት ወሩን ልጨርስና ልሂድ ብዬ ኮሪደሩ ላይ አሰብኩ። ግን በስልክ ያስተማርኳትን በስልክ ላስረሳት አልችልም።»

አባ ዝም መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። «ሁለት ዓመት ብዙ ነው» አሉ።

«ብዙ ነው።»

እስክሪብቷቸውን አነሱ። ፊርማቸው ከሌላው ሁሉ ትንሽ ነበር፤ ጉንዳን የምታክል። «እዚያ ያሉት ወንበር ሁለት ነው የሚያስቀምጡት» አሉ ቅጹን ሲሰጧት። «ሦስተኛውን አንቺ አምጪ።»

ጸሐፊዋ መልቀቂያውን ስትተይብ ማተሚያው ሁለት ጊዜ ወረቀት ጎረሰ። ሐኪሟ ጣቷን እያፍተለተለች በላይዋ ቆመች። ማኅተሙ ሲያርፍበት አሥር ሰዓት ከአርባ ነበር። መስኮቱ ጋ ወስዳ ፎቶ አነሳችው፤ የመጀመሪያው ደበዘዘ፤ ደግማ አነሳችና ላከችው። ከዚያም ቆመች። ሰዉ ከሥራ እየወጣ ነበር፣ ደረጃው በጫማ ድምፅ ተሞልቷል፤ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ስታልፍ «መዶሻሽን ናፈቅሽው እንዴ?» አለቻት። አሥራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ነዘረ። «ደርሶናል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆነው ሰኞ ይጀምራሉ።» የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ደወለች።

ያነሱት አማቷ ናቸው። «አቤት» አሉ። ዶክተርዬ አላሏትም።

«እናቴ፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና ነን።»

«እናቴ… ያ የላክሁት ነገር…»

«ምንም አላደረግሽም» አሉ ቶሎ ብለው፤ አባባላቸው ግን ምንም እንዳልከፋው ሰው አልነበረም። ከኋላቸው ድስት ሲከደን ተሰማ። «ልጅቷን ልስጥሽ?»

«ስሳሳት ነው የዋልኩት። ሰኞ ሳይደርስ መጥቼ እግርዎ ላይ ወድቄ እነግርዎታለሁ።»

«ሰኞ?» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ትንሽ ላላ። «ለሁልጊዜ?» «ለሁልጊዜ።» «እንግዲህ አልጋ ማስገባት አለብን» ብለው፣ ወደ ውስጥ «ነይ፣ ስልክ!» ሲሉ ሰማች። ትንንሽ እግሮች እየሮጡ መጡ፤ ትንፋሽ የስልኩን ጆሮ ሞላው።

«ዶክተር?» አለች ልጅቷ፤ ሳትጠየቅም ቀጠለች፦ «ተኝቻለሁ። ዳቦ በወተት በልቻለሁ። የሚያስፈራኝ የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው። በቃ?»

ሐኪሟ አፏን ከፈተች። ጥያቄ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣላትም፤ አንደኛው ሲመጣ ዋጠችው፣ ሁለተኛውንም ዋጠችው። ወተት የያዘው ብርጭቆ ይሰማታል፣ እጇ ላይ። ልጅቷ ልትሄድ ነው። «ለአባዬ ልስጥሽ?»

«ቆይ» አለች፤ ድምፅዋ ሻከረ፣ ተሰነጠቀ፣ የማንም ሐኪም ድምፅ አልነበረም። «እኔ ዛሬ… ምሳ አልበላሁም። መዶሻ ጠፍቶኝ ስፈልግ ዋልኩ።»

ስልኩ ዝም አለ። ሐኪሟ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዝምታውን አዳመጠች፤ የዝምታ ዓይነት ለይቶ ማወቅ ሙያዋ ነው፣ ይሄኛውን ግን አታውቀውም።

«መዶሻ?» አለች ልጅቷ። «ለምን?»

ከተወለደች ጀምሮ ስለ እናቷ ውሎ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሐኪሟ ሰው እንዲያልፍ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ ከካልሲው ጀምራ ትነግራት ጀመር።